ቀኝ እጄን ካነሳሁ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ችሎት ዋልኩ። ምስክሩን አፋጥጬ ቃሉን አስቀየርኩት። ዳኛው «ጠበቃ፣ ረጋ ይበሉ» አሉኝ። ደስ አለኝ! ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ... የታች ቀኝ መንጋጋዬ! እንባዬ ዱብ አለ። ምስክሩ ሳይቀር አዘነልኝ መሰለኝ።
ስድስት ወር በግራ ብቻ ሳኝክ ማን ያውቃል? ማንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
ጉንጬ አበጠ። ጥርስ ክሊኒኩ ደረጃ ድረስ ሄድኩ። የመሰርሰሪያው ድምፅ ሲሰማኝ... ተመለስኩ። ለዳኛ የማልመለስ ሴት!
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ «አያምም» አለኝ። አመመኝ። ጮህኩ። «ማደንዘዣ ወግቻታለሁ፣ ውሸቷን ነው» አለ። ነርሷ እጄን፣ እማዬ እግሬን ያዙ። እማዬ! ከዚያ ወዲህ ታላቅ ወንድሜ «ቀጣፊት» ይለኛል። እስከ ዛሬ። ብርጭቆ ከተሰበረ «ቀጣፊትን ጠይቋት» ነው። ጠበቃ የሆንኩት ታዲያ በማን ሆነና?

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ገባሁ!! ወንበሩ ላይ አይደለም፣ አጠገቡ ቆሜ። ሐኪሟ እኩያዬ ናት። «መቀመጥ አልችልም» አልኳት። «እሺ፣ እኔም ቆሜ ላናግርሽ» ብላ ተነሳች።
ራጁን አሳየችኝ። ሥሩ መርቅዟል። በዚህ ሳምንት ከታከመ ይተርፋል፤ ከዘገየ ይነቀላል።
«አስተኝተሽ አትሠሪኝም?»
«ሦስት ምርጫ አለሽ። ቀደም ብለሽ የምትውጪው ኪኒን፣ ያደነዝዝሻል። በደም ሥር የሚሰጥ፣ ብዙውን አታስታውሺውም። በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ፣ ዘና ያደርግሻል፣ ግን ትሰሚኛለሽ።»
ጥያቄ አዘነብኩባት። ቢያስመልሰኝስ? ሳልነቃ ብቀርስ? ማን ይከታተለኛል? አንዱንም አልዘለለችም። መጨረሻ ላይ...
«ያማል?»
«ሊያምሽ ይችላል። ቀኝ እጅሽን ካነሳሽ አቆማለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።»
«አያምም» አላለችም! ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ጋዙን መረጥኩ። መተኛት አልፈልግም። የራሴ ምስክር እኔው ልሁን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ከክሊኒኩ እንደወጣሁ ነው የምጽፈው። በደስታ!
ጭንብሉ አፍንጫዬ ላይ። ጣቶቼን ነዘረኝ፣ ትከሻዬ ወረደልኝ። ፍርሃቱ አልጠፋም... ከደረቴ ተነስቶ ጥግ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። «ተቃውሞ አለኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት» ብያለሁ አሉ። ነርሷ በሳቅ ሞተች።
የማደንዘዣ መርፌ። ጠበቅን። መሰርሰሪያው ገና ነካ ሲያደርገኝ... አመመኝ! እጄን አነሳሁ።
ድምፁ ቆመ። ቆመ!
«አልያዘሽም» አለች።
«አልዋሸሁም።» ለምን እንዳልኩ እንጃ።
«ዋሸሽ ማን አለሽ? የታች መንጋጋ ላይ የመጀመሪያው መርፌ የማይዘው ሰው ብዙ ነው። ሌላ ቦታ እወጋሻለሁ።»
ወጋችኝ። ያዘኝ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። «ልቀጥል?» ራሴን ነቀነቅኩ። ጥርሴ ተረፈ።
አሥራ ሰባት ዓመት! ያኔም ማደንዘዣው አልያዘኝም ነበር፤ በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ቀላል!

እሑድ፣ ኅዳር 16
እማዬ ቤት፣ ምሳ። ዳቦ በቀኝ አኘክሁ። ለእማዬና ለወንድሜ ሁሉን ነገርኳቸው። እማዬ ሹካዋን አስቀመጠች።
«እግርሽን የያዝኩት እኔ ነኝ።»
«አዎ።»
«ልቀቂኝ ስትዪኝ ነበር... እሱን አመንኩ።»
እጇን ያዝኩት።
ወንድሜ ነገሩ አልገባውም። «ቀጣፊት፣ እስቲ ጨው አቀብዪኝ።»
እማዬ ጠረጴዛውን መታችው። «ስሟን ጥራ!»
ደንግጦ ጠራኝ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አየሁት... የኋላ ጥርሱ ጠቁሯል።
«ይሄ መቼ ነው የጠቆረው? ነገ ይዤህ ልሂድ?»
ግራና ቀኝ አየ። ድምፁ ቀጠነ። «ያማል እንዴ?»
ቀጣፊቷ እውነቱን ነገረችው።