ጀሪካን አይተነፍስም

ይድረስ ለማከብርዎ አማቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። የቆቦ ሙቀት እንደሚያውቁት ነው፤ ዶሮዎቹ እንኳ በጥላ ይጣላሉ። ሮቢት ቅርብ ነው፣ ተሳፍሬ ብመጣ ይሻል ነበር፤ ፊትዎን እያየሁ የማልናገረው ስላለኝ ጻፍሁ። የትናየት ስታነብልዎ መሃል ላይ ሳል ቢይዛት ጉንፋን አይደለምና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሳትዘልይ አንብቢ» ይበሏት።

ልጅዎ ጋሹ ከማረፉ በፊት የተከላት ወይን ዘንድሮ አፈራች። ለመታሰቢያው ልጥመቃት አልሁ። ጎረቤቴ ደጀን፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ ላሳይሽ አለ። ወሬው ቀድሞኝ እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ወደ ሮቢት የሚወርድ አውቶብስ ያለ ወሬ ተነስቶ አያውቅም።

እሱ እንደሚለው፣ በፍሬው ቆዳ ላይ ዓይን የማያየው እርሾ አለ፤ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ይተዋል። «እንግዲህ የምንጠጣው የእርሾ ትራፊ ነው?» ስለው፣ «ትራፊ ያልሽው ጨዋ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። ሲወጣ፣ «ጋዙ ይውጣ፣ አየር አይግባ፤ አየር ከገባ ኮምጣጤ ነው» አለ። እኔ በጆሮዬ የያዝሁት የአየሩን ነገር ብቻ ነው። የጀሪካኑን ክዳን ጠምዝዤ፣ ይህም ሳይበቃኝ እርስዎ ለጠላ ጋን እንዳስተማሩኝ በጨርቅ አስሬ ጭቃ መረግሁበት። ጋን በጨርቁም በጭቃው ስንጥቅም ይተነፍሳል። ጀሪካን አይተነፍስም።

እሁድ ከሰዓት ፈነዳ። ሰፈሩ ያን መሰል ድምፅ ያውቃልና ሁሉም መሬት ያዘ። ጎረቤታችን ሀስና ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከነማሽላዋ አጥሬ ሥር ተዘረረች። ቀይ በቀይ ሆኜ ስወጣ «ያ አላህ! ተመታሽ?» ብላ ጮኸች፤ ቀርባ ስታሸተኝ ግን፣ «በማልጠጣው ነገር ልሞት ነበር እኮ!» አለች። ከጋሹ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ደጀን በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አጥልቆ አጥር ዘሎ መጣ። ደህና መሆኔን ሲያይ ማሽላው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አውቶብሱ የጫነው ወሬ ይኸው ነው።

የተረፈውን በሌላ ጀሪካን አድርገን፣ ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አውጥተን ጫፉን ውሃ ውስጥ ነከርነው። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ አየር አይመለስም።

እማማ፣ ደጀን ሽማግሌ ልላክ ቢለኝ፣ «ከላክህ ወደ ሮቢት ነው» አልሁት። «እምቢ ካሉስ?» አለ። «ወይኑን ጠጥተን እንለያያለን» አልሁት፤ ግማሹ ቀልድ ነው። ከሉን እርስዎ ሳይሉኝ አልጥልም። ለመታሰቢያው ሲመጡ ነጭ ነጠላ ከያዙልኝ ቃል አያውጡ፣ ይገባኛል።

የትናየት ሰሞኑን ጥጥ መፍተል ጀምረዋል አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ጣትዎን አያድክምብኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

የመጣው ቢመጣ ልጅዎ፣
ከቆቦ