ለሙቅ ውሃ የሚሆን ክር

ኧርዊን፣ ቴኔሲ
ሜይ 14 ቀን 1991

ውድ ሆይት፣

የፍሎሪዳ ፀሐይ ለጉልበትህ ተስማምቶት ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ደስ ይለኛል። ካርድህ ሐሙስ ደረሰኝ፤ አዞው ያለበትን ገጽ ወደ ውጭ አድርጌ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ጽሕፈትህ አሁንም ዶሮ የጫረው ይመስላል። ከአንተ ጋር ስኖር ፀጉሬ ሸብቷልና የማላነበው ፊደል ግን የለህም።

እኔ ደህና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ በጣለው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ጠርቶ ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ውሻህ ዱክ አርጅቷል፣ ደረጃውን ሲወጣ ያቃስታል። የባቡር ፊሽካ ሲሰማ ግን አሁንም ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል። ከሥራ የምትመለስ መስሎት ነው። ጡረታ መውጣትህን ማን ይንገረው?

ካርዱ ላይ «ዘንጎቹን ላኪልኝ» ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳነበው ከፋኝ። ሰው የዓሣ ማጥመጃውን ሲያስመጣ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ብርዱ እስኪያልፍ ብቻ» ብለህ ወንድምህ ካርልተን ዘንድ ከወረድክ ይኸው ሁለት ጊዜ ብርድ መጥቶ ሄደ። በሄድክበት ጠዋት በረንዳው ላይ የተባባልነውን እዚህ ዘርዝሬ አልጽፍም። «አንቺ ያገባሽው እኔን ሳይሆን ይህን ወንዝ ነው» አልከኝ፤ እኔም «ወንዙ ቢያንስ ሻንጣ አይሸክፍም» አልኩህ። ከዚያ ሊወስድህ የመጣው ካርልተን ክላክሱን ነፋ።

ካርዱን ልወረውረው ስል ነው ከታች በጠርዙ ላይ አጣበህ የጻፍከውን ያየሁት። «እዚህ ሱቅ ውስጥ ያለው የዘንግና የክር ዓይነት ግራ አጋባኝ። አንቺ ምረጪልኝ። ድሮም የምትመርጪው አንቺ ነሽ።» ይህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት።

እንግዲህ ልምረጥልህ። ዘንጎቹን ሁሉ ከጎተራው አውጥቼ አልጋው ላይ በአንተ በኩል ደረደርኳቸው።

መጀመሪያ እጄ የሄደው ወደ ቢጫው ነው፤ ወደዚያ ወደ አሮጌው ባለ ስድስት ቁጥር ፋይበርግላስ። የመጀመሪያውን በጋ ታስታውሳለህ? አንተ የከተማ ልጅ፣ ዓሣ ማጥመድ ሲባል ከትልና ከቡሽ ሌላ የማታውቅ። አባቴ ጀልባውን ያዋሰን እኔን አምኖ እንጂ አንተን አምኖ አልነበረም። ዓሣ ማታለያውን የላባ ዝንብ መዳፍህ ላይ አድርገህ እፍ ስትለው በረረ።

«ይሄ እኮ ምንም ክብደት የለውም» አልክ። «እንዴት አድርጎ ነው እዚያ ማዶ የሚደርሰው?»

«ዝንቡን አይደለም የምትወረውረው፣ ክሩን ነው። ክብደቱ ክሩ ላይ ነው። ክሩ ሲሄድ ዝንቡ ይከተለዋል።»

«እኔ አንቺን እንደምከተልሽ?»

«አንተማ ገና ዛፍ ላይ ነህ» አልኩህ፤ እውነትም ዝንብህ አኻያው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከሰዓቱን ሙሉ አኻያ ስታጠምድ ዋልክ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከፏፏቴው በታች ውሃው ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ፣ አንድ ጠባብ አፍ ባስ የሚሉት ዓሣ ዝንብህን ዋጠ። አንተም ከነጫማህ ወደ ወንዙ ዘለልክ። ለምን እንደዘለልክ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዓሣው እንደሆነ መንጠቆው ላይ ነበር። ነሐስ የመሰለውን ዓሣ በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ውሃ ወገብህ ድረስ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጥክ «እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንዴት ማንም አልነገረኝም?» አልክ። እኔ በልቤ የወሰንኩት ያኔ ነው። ቀለበቱን ይዘህ የመጣኸው ከገና በኋላ ነው፤ ዘገየህ።

ቢጫውን ግን አልልክልህም። ለእኛ ወንዝ የሚያህለው የለም፤ ዓሣው ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚኖረው፣ ለመሮጥ ሰፊ ቦታ አለው፣ ዘንጉም ቀስ ብሎ አብሮት ይታጠፋል። የእናንተ ሐይቅ ግን በውሃ አበባና በሣር የተሞላ ነው ብለሃል። የዚያ ዓሣ፣ ሰፊ አፍ ባስ፣ ሲያዝ ወደ ሜዳ አይሸሽም፣ ወደ ጫካው ነው የሚሰምጠው። በቢጫው ያንን ልጎትት ማለት በሬን በስፌት ክር ልጎትት እንደማለት ነው።

ስለዚህ የሚሆንህ ጠንከር ያለው፣ ጥቁሩ ባለ ስምንት ቁጥር ነው። አምና ካቻምና አይደለም፣ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሐይቅ ልንጎበኝ ስንሄድ ጥንዱን የገዛናቸው፣ አንድ ለአንተ አንድ ለእኔ። ያን ጊዜ «ክር ክር ነው» ብለህ የወንዙን ቀጭን ክር ጠቅልለህበት ነበር። ነፋሱ መጣ፣ ከቡሽ የተሠራችው የማታለያ እንቁራሪት ወደ ፊት መሄዱን ትታ ተመልሳ ጆሮህ ላይ ተሰካች።

«ኒዮማ፣ ጆሮዬ አለ?» አልከኝ ሳትዞር።

«አለ። እስከ ዛሬ ስትጠቀምበት ግን አላየሁም።»

ጀልባው እስኪናወጥ ሳቅክ፣ ደም በአንገትህ እየወረደ። ከዚያ በኋላ ክሩን የምመርጠው እኔ ሆንኩ። ዘንጉ ስምንት ከሆነ ክሩም ስምንት፤ ጫፉ አካባቢ አጠር ብሎ ወፈር ያለ፣ ያቺን ግልፍተኛ እንቁራሪት ገፍቶ የሚወስድ።

ሳልሞክረው መላክ አልወደድኩም። ቅዳሜ ጠዋት ትንሿን ጀልባ ጭኜ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሃርላን ኩሬ ሄድኩ፤ ያ የውሃ አበባ የወረሰው። ሃርላን ጀልባዋን ገፋልኝ።

«ብቻሽን?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«ሆይትስ?»

«ፍሎሪዳ ነው።»

«እሱንማ አገሩ ሁሉ ያውቃል» ብሎ ወደ አጥሩ ተመለሰ።

ከሄድክ ወዲህ ጀልባ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ሆይት። ወንዙን ያገባችው ሴትዮ ይህን ሁሉ ጊዜ ወንዙን ያየችው በኩሽናዋ መስኮት ነው።

ክንዴ አልረሳም። እንቁራሪቷን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ አሳረፍኳት፣ ውሃው ላይ የተሠራው ክብ እስኪጠፋ ጠበቅሁ፣ ትንሽ ነካ አደረግኋት። ውሃው ተከፍቶ ዋጣት። ዓሣው ቀጥታ ወደ አበባው ሥር ወረደ፤ ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ፣ ግን አልለቀቀም። እኔም አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ከነቅጠሉ፣ ከነጭቃው፣ ግማሽ የአትክልት ቦታ አስከትሎ ወጣ። አፉ ቡጢዬን ይውጣል።

«አየህ?» ብዬ ዞርኩ።

የኋላው መቀመጫ ላይ የዝናብ ልብሴ ብቻ ነበር። ዓሣውን ለቀቅኩት። ከዚያ ዘንጉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጀልባዋ ወደፈለገችበት እንድትወስደኝ ተውኳት። ሃርላን ከማዶ ሆኖ አየኝ፤ እንዳላየ ሆኖ ሚስማሩን ይመታ ጀመር። ጥሩ ሰው ነው።

ሰኞ ጆንሰን ሲቲ ወደ ላይል የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ሄድኩ። ያ ሁልጊዜ የጥርስ እንጨት የሚያኝከው ላይል። ከዘንጉ ፈትቼ የወሰድኩለትን የቆየ ክር በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ሚስ ኒዮማ፣ ይሄ ለእኛ ውሃ ነው የተሠራው፣ ለብርድ። ፍሎሪዳ በጁላይ ውሃው የገላ መታጠቢያ ነው። ክሩ ይልፈሰፈስና እንደ ተቀቀለ ፓስታ ዘንጉ ላይ ይለጠፍልዎታል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ለሙቅ ውሃ የሚሆን አለ፤ ውስጡ ጠንከር ያለ። ግን ልንገርዎት፣ እሱ እዚህ አይሠራም። በእኛ ወንዝ እንደ ሽቦ ይጠቀለላል። ለእዚያ ብቻ ነው።»

«ለእዚያ ብቻ» አልኩ።

«አዎ። ስንት ላድርግልዎት?»

ካርቶኑን ይዤ አገላበጥኩት። መደርደሪያው ላይ ያሉትን ዝንቦች አየሁ፣ መስኮቱን አየሁ።

«ሁለት።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ምን ያደርጋል?»

«ላይል፣ ሁለት ነው ያልኩህ።»

እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ አየኝና ሁለቱን ጠቀለለልኝ።

አንዱ ክር ከአንተ ጥቁር ዘንግ ጋር በዚህ ሳምንት ይመጣልሃል፤ ሌላው ከእኔው ጥቁር ዘንግ ጋር ተቀምጧል። የአንተን ማጠንጠኛው ላይ ራሴ ጠቅልዬዋለሁ፤ ፈትቼ ላስተካክል እንዳትል። ጫፉ ላይ የምትቋጥረው ክር ወፍራምና ከቁመትህ እምብዛም የማይበልጥ ይሁን፤ እዚያ ሣር ውስጥ ቅጥነት አይጠቅምህም። ማታ ማታ ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ካርልተን ጀልባው ወለል ላይ እንዳይረግጠው ንገረው። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ዘንጉን አውርደህ ወደ ዳር ውጣ፤ ይሄ ጥቁሩ መብረቅ ይጠራል ይላሉ።

አንዳንድ ነገር ልጠይቅህ። የካርልተን ጀልባ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚወረውር ሰው ይመቻል ወይስ ትወዛወዛለች? ጠዋት ጠዋትስ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ውሃው ላይ ጭጋግ አለ? አበባው ነጭ ነው ቢጫ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

የሃርላን ልጅ ሊያገባ ነው። እስኪደላደሉ ድረስ ከሴፕቴምበር ጀምሮ የሚከራዩት ቤት ይፈልጋሉ፤ እጮኛው መጥታ በረንዳችንን ወደደችው። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳቸውም።

የላይኛው ጌታ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ከማዕበልም ከመብረቅም ይሰውርህ፣ የያዝከውንም የለቀቅከውንም ይባርክልህ። መልሱን አታዘግይ። ክር መደርደሪያ ላይ ብዙ ከተቀመጠ ይበላሻል ይላል ላይል።

ባለቤትህ፣
ኒዮማ