ግብ ጠባቂያችንን በግምገማ ስላሰናበቱልን ምስጋና

ይድረስ ለክቡር የሽመል ስፖርት ክለብ ቦርድ ሰብሳቢ፤
አሶሳ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በስታዲየማችን ብቸኛ ጥላ ሥር ለምትገኘው ወንበርዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። ፀሐይ ላይ የምንቀመጠው ደጋፊዎችዎ፣ ቡድናችን ከሚያደርሰው ጉዳት በስተቀር፣ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ዐዋጢፍ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህርትና የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አሁንም «በሂደት ላይ» በመሆናቸው ነው፤ ስለ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቡድናችን የሊጉ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ሳለ በከተማው አዳራሽ ሰብስበውን የቡድኑን ጠንካራና ደካማ ጎን ያነበቡልን ቀን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ላይ በሰዓቱ መሳፈራቸውና ማሊያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ መሆኑ በጠንካራ ጎን ሲመዘገብ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ኳስ ለመንጠቅ መሬት የሚነካ ተከላካይ በሌለበት ማሊያ በምን ይቆሽሻል? ሆኖም በታላቅ ትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ. ደጋ ወጥተን ስንሸነፍ ብርዱ፣ ቆላ ወርደን ስንሸነፍ ሙቀቱ፣ አሶሳ ላይ ስንሸነፍ ደግሞ እንግዳ አክባሪነታችን በምክንያትነት ቀርቧል። በሙያዬ ልረዳዎ አስቤ ቡድናችን የሚያሸንፍበትን የአየር ንብረት በካርታ ላይ ብፈልግ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

፪ኛ. አጥቂያችን ጀዕፈር ዘወትር ከኳሷ ቀድሞ ጎል አፍ ላይ መገኘቱ «ፍጥነት» ተብሎ ተመስግኗል። የመስመር ዳኞች ግን ለዚህ ፍጥነት ሌላ ስም ስላላቸው ባንዲራ ሲያነሡ እጃቸው ዛለ።

፫ኛ. ሙርሳል። ይህን በአንድ አንቀጽ መጨረስ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

የሆሞሻው ልጅ ሙርሳል፣ ተከላካዮቻችን መንገድ እያሳዩ የሚያሳልፏቸውን አጥቂዎች ብቻውን ሲቀበል የከረመ ግብ ጠባቂያችን ነበር። በዚያ ግምገማ የሽንፈቱ ተጠያቂ እርሱ መሆኑን ካበሠሩን በኋላ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ጋበዙት። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ተነሥቶ፣ «የገባብኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ያልገባውን ማን እንደመለሰው ግን አብሮ ይጻፍልኝ» ብቻ አለ። «ግለ ሂሱን በቅንነት አላደረገም» ተብሎ ተሰናበተ። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤ ክቡርነትዎ ሰዓቱ ማለቁን አስታወሱን። ሙርሳል ጓንቱን በፌስታል ይዞ ወደ ሆሞሻ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

በምትኩ ያስመጡልን ባለ ብዙ ልምድ ግብ ጠባቂ፣ ከልምዱ ሁሉ የጉዳት ልምዱ እንደሚበልጥ የታወቀው ከሊጉ ላለመውረድ ነጥብ መጋራት ግድ ከሆነብን የመጨረሻ ጨዋታ በፊት ነበር። ክቡርነትዎ በዚያ ሳምንት ለልምድ ልውውጥ ግልገል በለስ ስለነበሩ ያመለጠዎትን ልንገርዎ። ምክትልዎና አሰልጣኝ ስዩም ሙርሳልን ለመመለስ ወደ ሆሞሻ ሲሄዱ፣ የበርታ ቋንቋ ስለምችል አስከትለውኝ ሄዱ።

እናቱ ሐጃ ማሪያም ከማንጎው ዛፍ ሥር አስቀመጡን፤ ውኃም ሰጡን። የመጣንበትን ካስረዳሁ በኋላ ግን አስተርጓሚ እንደማያስፈልጋቸው ገባኝ።

«ያ ጀማዓ፣ ልጄ በግምገማ ወጣ አይደል? በግምገማ ይመለሳል» አሉ በአማርኛ። «መጀመሪያ ጠንካራ ጎናችሁን ተናገሩ።»

ምክትልዎ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በሰዓቱ ተነሥተን መጥተናል» አለ።

«ደግ። ደካማውስ?»

ምክትልዎ ወደ አሰልጣኙ ዞረ። በመጨረሻ አሰልጣኝ ስዩም ባርኔጣውን አወለቀ። «ጥፋቱ የእኔ አሰላለፍ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ፣ እናቴ። ሥራዬን ፈርቼ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ግለ ሂስ በአዳራሽዎ ሰምቼ አላውቅም። ሙርሳል ከቤት ወጥቶ ሲያዳምጥ ቆይቶ ነበር፤ እናቱ ቀና ብለው አዩት፣ እርሱም ጓንቱን ሊያመጣ ተመልሶ ገባ።

የጨዋታውን ዕለት ግን እርስዎም ተመልሰው ከጥላዎ ሥር ተከታትለዋል። ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት፣ ሙርሳል በግራ ሲወድቅ በቀኝ ሲነሣ ዋለ። ሊያልቅ ሲል ተከላካያችን ሻዕባን ኳስ በእጁ ነክቶ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ ያዝኩ፤ ጩኸቱን ስሰማ ነው የከፈትኩት። ሙርሳል በእግሩ መልሶታል! ያለ ግብ ተለያየን፤ በሊጉም ቆየን። ሕዝቡ ወደ ሜዳ ሲፈስ ሻዕባን ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ያለቅስ ነበር። ሙርሳል ብብቱን ይዞ እያነሣው፣ «ተነሣ፣ ሰው ያያል» ሲለው ሰማሁ። እኔም ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ሰኞ ዕለት የወጣውን የቦርዱን ሪፖርት ሳነብ ግን ዕንባዬ ወዲያው ደረቀ። «ግብ ጠባቂው በቦርዱ አርቆ አሳቢነት በቂ ዕረፍት ተሰጥቶት በመመለሱ ውጤቱ ተገኝቷል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኛ መባረር ብለን ያየነው ዕረፍት መሆኑን ስላስተማሩን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በዚሁ አርቆ አሳቢነት ቦርዱም በቂ ዕረፍት እንዲሰጠው ማኅበራችን በሙሉ ድምፅ መወሰኑን የማበሥርዎ በታላቅ ደስታ ነው።

ለክቡርነትዎ ያለኝን ወደር የለሽ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ዝናብም ፀሐይም የማይደርስበት ቦታዎ እንዲሰፋልዎ የምትመኝ፣

ዐዋጢፍ
የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳልጨርስ ሙርሳል ለዚያው በመጨረሻው ጨዋታ ለገጠመን ቡድን መፈረሙን ሰማሁ። ውል እንዲያድሱለት ቢሮዎ ድረስ ሲመላለስ ስብሰባ ላይ ነበሩ አሉ። አይዘኑ፤ በሚቀጥለው ሪፖርት «ለሌሎች ክለቦች ተጫዋች ማፍራት» ተብሎ በጠንካራ ጎን ይመዝገብ።