እስከ ገና የሚያደርስ ስድሳ ክኒን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለሸዋዓለም፤

እንዴት ከርመሻል እቴዋ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ እንደ አምናው ቁጭ ብድግ ማለት ይከለክልሻል? ጋሼ ጌታሁን እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸውስ? የደንቢያ ወባ በዚህ በኅዳር ማንንም ሳይነካ አለፈላችሁ ወይ? ጤፉ ታጨደ? ሽንብራውስ እንዴት ያዘ? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነኝ። ባለቤቴ ተድላም ማንሺያ ሰፈር ዘበኝነቱን እንደያዘ ነው። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም እንዳልልሽ ግን ዘንድሮ ጎድሎብናል፤ እሱን ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥሁት።

ይኸን ደብዳቤ በር ዘግተሽ አንብቢው። ህሊና ላንብብልሽ ብትል እሺ እንዳትዪ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልም ቀስ ብለሽ ታወጪዋለሽ፤ ያው ሁለታችንም የስድስተኛ ክፍል ምሩቆች ነን። በስልክ ያልነገርሁሽ ስልኩ የሚልዮን ስለሆነ ነው። ያ ልጅሽ ሲያነጋግር ድምፁን ለቆት ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሰማው፤ ይኸ ደግሞ እኔና አንቺ ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ አንሥተነው የማናውቀው ነገር ነው።

ሹፌሩ አንዱዓለም ያደረሰልሽ ጥቅል ትንሽ መሆኗን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። ሁልጊዜ የምልክልሽ የስድስት ወር ነበር። አሁን ያለው ስድሳ ክኒን ብቻ ነው፤ ጧት አንድ ማታ አንድ፣ የሠላሳ ቀን። ከዚህ ወዲያ ከኔ ዘንድ የሚመጣ የለም እቴዋ። ይኸችን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሦስት ቀን ብዕር ሳነሣ ስጥል ሰንብቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ህሊናን «አክስቷን ልታይ ነው» ብለሽ እዚህ ካርቱም ይዘሻት መጥተሽ፣ ሐኪሙ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክኒኑን ሲያዝላት፣ እዚህ ሰፈራችን አርካዊት ያለውን የሳዲቅን አጅዛኻና ታስታውሺዋለሽ፤ መድኃኒት ቤቱን ማለቴ ነው። ያ ባለ መነጽሩ ሳዲቅ፣ ለህሊና ከረሜላ የሰጣት። ከዚያ ወዲህ ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ካሳየሁት ምንም ሳይጠይቅ «ኡም ህሊና፣ የልጅሽ መድኃኒት ይኸው» እያለ ይሰጠኝ ነበር። እናቷ አይደለሁም፣ አክስቷ ነኝ ብለው ብለው የህሊና እናት ማለቱን አልተወም፤ በኋላ እኔም ወደድሁት።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ከዊላያው አዲስ ደንብ መጣ፤ ዊላያ የሚሉት እኛ ክልል እንደምንለው ነው። ጭንቅላት የሚነካ መድኃኒት ሁሉ ማኅተም የተመታበት የሐኪም ማዘዣ፣ ሩሼታ የሚሉት፣ ካልተያዘ አይሸጥም ተባለ። ማዘዣው ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። በሽተኛው ራሱ መጥቶ መቆም አለበት። ከወር በላይ አይሰጥም፣ መዝገብ ላይም ይጻፋል። ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ይገባል፤ ከሳዲቅ ማዶ ያለችውን አንዲት መድኃኒት ቤት በሯን አሽገዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ሳዲቅን ለመንሁት፣ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም። «ወላሂ የኔነሽ፣ እኔ አንቺን አውቃለሁ፤ መዝገቡ ግን አያውቅሽም» አለኝ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ህሊናን ከቆላ ድባ አንሥቼ አላመጣት። ሄጄ አንድ ሐኪም ፊት ተቀመጥሁና በሽተኛዋ እኔ ነኝ አልሁት። እንዴት ጀመረሽ ሲለኝ የህሊናን ቀን የራሴ አድርጌ ነገርሁት። ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ መውደቋን፣ ጀሪካኑ መፍሰሱን፣ ምላሷን መንከሷን፣ ስትነቃ እናቷን አንቺን እንኳ አለማወቋን፣ ያኔ እያለቀስሽ የነገርሽኝን ሁሉ። እያወራሁ እውነት መሰለኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሐኪሙም አመነኝ፣ ጻፈልኝ።

ማዘዣውንና የመኖሪያ ፈቃዴን ይዤ ሳዲቅ ዘንድ ስደርስ ተቆጣጣሪው ወንበር ስቦ ሻይ ይጠጣል። ሳዲቅ ማዘዣውን አየ፣ ፈቃዴን አየ፣ እኔን አየ። ደንቡ ጠይቅ ይላልና ጮክ ብሎ «የሚጥለው አንቺን ነው?» አለኝ። አዎ፣ እኔን ነው አልሁ። አንገቱን ደፍቶ ጻፈው። ከኋላዬ ማን ተሰልፋለች ብትዪኝ ቤቲ፣ ያቺ የማኅበራችን ቤቲ! ለራስ ምታቷ ክኒን ልትገዛ መጥታ የኔን በሽታ ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ የማርያም ማኅበራችን ነበር። ጽዋው ሲዞር ሲዞር እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል ቆም አለ፤ ለኔ ለብቻዬ በላስቲክ ኩባያ ቀዱልኝ። ክፋት የላቸውም እኮ። እንዲያውም በፍቅር ሊገድሉኝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እያንዳንዷ በነጠላዋ ጫፍ ክብሪት ቋጥራ ነው የምትመጣው፤ የወደቅሁ እንደሆነ ጭሱን ሊያሸቱኝ። አንድ ቅዳሜ ሥራው አድክሞኝ ጉባኤ መሃል ሸለብ ቢያደርገኝ ሦስት ክብሪት በአንድ ጊዜ አፍንጫዬ ሥር ለኮሱ! «በስመ ሥላሴ! ያዟት፣ እግሯን ያዟት!» ይባባላሉ። «ኧረ ልቀቁኝ፣ እንቅልፌን ነው!» ብላቸው ቤቲ «እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚያስለፈልፋት» አለች። የላይኛው ከንፈሬ ላይ ቁስሉ እስካሁን አለ። ሳቂ እቴዋ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ስቄያለሁ። ተድላ ግን አልሳቀም።

ወሬው ማንሺያ ድረስ ዘልቆ የማበስልላት እመቤቴ ረሺዳ ጆሮ ገባ። ዘይት ላይ ትወድቂያለሽ ብላ ከምድጃው አነሣችኝ፤ የልጇንም ልጅ ከእቅፌ ወሰደችው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እጄን ይዛ እሷ ወደምታምናት አንዲት የነርቭ ሐኪም ወሰደችኝ። ያቺ ሐኪም ጭንቅላቴን በሽቦ አስመረመረች፣ ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች፤ ከዚያ ረሺዳን ደጅ አስወጥታ «አንቺ በሽታው የለብሽም። መድኃኒቱን የምትወስጂው ለማን ነው?» አለችኝ። ዋሽቼ ዋሽቼ ደክሞኝ ነበርና ሁሉንም ዘረገፍሁላት።

ስለ ውሸቴ ትቆጣለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሷ የተቆጣችው በሌላ ነው። ልጅቷን ካየሻት ስንት ዓመትሽ ነው አለችኝ። ስድስት። ክብደቷ ስንት ነው? አላውቅም። ደሟን ማን መረመረላት? ማንም። «ይህ መጠን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የታዘዘ ነው፤ ያቺ ልጅ አሁን የለችም» አለችኝ። የሞተች መሰለኝ እቴዋ። ፊቴን አየችና «አድጋለች ማለቴ ነው። አሁን ሴት ናት፣ ነገ ታገባለች፣ ታረግዛለች፤ ሐኪም እያያት ነው መውሰድ ያለባት» አለችኝ። ድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በሽታው ብሶበት ይመለሳል፣ ሊገድላትም ይችላል አለች። በኔ ስም ከእንግዲህ ማንም እንዳይጽፍልኝ ካርዴ ላይ አሰፈረች። ይልቅ ጎንደር ላለ ሐኪም በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። የህሊና ሙሉ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስደው፣ ሁሉም አለበት፤ ከክኒኑ ጋር በሰማያዊ ፖስታ ነው ያለው። የላክሁልሽ ስድሳ ያኔ በኔ ስም የወሰድሁት ነው፤ የሁለተኛውን ወር ጨምሬ ልልክልሽ ብዬ ነበር ያቆየሁት።

ለረሺዳ እውነቱን ነገርኋት። «ለእህትሽ ልጅ ብለሽ?» አለችኝ። ምድጃዬን መልሳልኛለች፤ ሕፃኑን ግን ገና አላቀፍሁትም። ለማኅበሩ ሴቶች እስካሁን አላስተባበልሁም። እኔን አይደለም ካልሁ «ታዲያ ማንን ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ የቤቲ እናት ደግሞ ከናንተው አጠገብ ጭልጋ ናት ያለችው፤ ወሬው ከኔ ደብዳቤ ቀድሞ ደጅሽ ይደርሳል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ባለፈው እሁድ ህሊና ደወለችልኝ። «እትዬ፣ መድኃኒቱ እዚያ ጠፋ ሲሉ ሰማሁ። ለኔ ብለሽ አትንከራተቺ፣ ደሜ እኮ ተመልሷል፤ ሰው ሁሉ ጉንጭሽ ቀላ ይለኛል። አሁንማ የማታውን ትቼ የጧቱን ብቻ ነው የምውጠው፤ ምስርና ጎመን አዘወትራለሁ» አለችኝ። ምን ታድርግ? ደም ማነስ ነው ብለን ነግረናታል። ደም ማነስ ይድናል። ልጅቷ በብልህነቷ ነው የምትሞትብን። ቁጣ ይሁን ልመና እንጃ፣ የማታውንም ዋጪ ብዬ ጮህሁባት። «ለምን?» አለችኝ። አንቺ በማርያም ያስማልሽኝ መሐላ አፌን ያዘው።

ምን እንደምትዪ አውቃለሁ። የሚልዮን ሠርግ ጥር አሥራ አራት ነው፣ እስከዚያ ዝም እንበል፤ የሙሽራዋ ወገኖች ከሰሙ «ዘራቸው ነው» ብለው ልጃቸውን ይከለክሉናል ትያለሽ። እኔም እንዳንቺው አስቤ ቀኑን ቆጠርሁት። ከናንተ ዘንድ የቀረውን ሚልዮን የነገረኝን ጨምሬ ነው የቆጠርሁት። የሚያደርሳት እስከ ገና ዋዜማ ነው። ከገና እስከ ሠርጉ አሥራ አምስት ቀን አለ። ያን አሥራ አምስት ቀን በምን ትሻገሪዋለሽ? እየገመስሁ አቆየዋለሁ እንዳትዪ፤ እሱም ያው ማቋረጥ ነው። ህሊና የሙሽራው እህት ናት፤ ከበሮውን የምትይዘው፣ ድንኳኑ መሃል የምትገባው እሷ ናት። ስድስት ዓመት የደበቅነው ነገር የሚወጣ ከሆነ በሐኪም ፊት ይውጣ እንጂ በሁለት ወገን ዘመድ ፊት መሬት ላይ አይውጣ።

ስለዚህ ይኸን ደብዳቤ ባነበብሽ በሳምንቱ ውስጥ ጎንደር ውሰጃት። ለጎረቤት የሠርግ ልብስ ልንገዛ ነው በይ፤ ያን ያህሏን እግዚአብሔርም ይታገሠናል። ካርዱን በራሷ ስም አውጪላት። ጸበሉን ተዉ አልልም፤ ጸበሉንም ትጠመቅ፣ ክኒኑንም ትዋጥ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ራስሽ ንገሪያት፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደደበቅናት፣ ሁሉንም።

አንቺ የፈራሽውን ነገር እኔ ይኸው ከወር በላይ ተሸክሜ አየሁት። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ እኅቶቼ ከምላቸው መሃል ተቀምጦ በላስቲክ ኩባያ መጠጣት ያንገበግባል። ግን ሰው አይሞትበትም። በማግስቱ ተነሥተሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ። ክኒኑ ሲቀር ነው ሰው የሚሞተው።

ታኅሣሥ ሁለት እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በሚልዮን ስልክ እደውላለሁ። ህሊናን ስጠኝ እለዋለሁ፤ ክኒኑ የምንድን ነው ብዬ እጠይቃታለሁ። «የደም ማነስ» ያለችኝ እንደሆነ እኔው እነግራታለሁ፤ ድምፁ ተለቆ ሰፈሩ ቢሰማም እነግራታለሁ። መሐላውን ያፈረስሁት እኔ ልባል፤ ለንስሐ አባቴም አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። አትቀየሚኝ እቴዋ። ብትቀየሚኝም ግድ የለም፣ እሷ በሕይወት ትኑርና ሃያ ዓመት ተቀየሚኝ። ብቻ ከአክስቷ አፍ በስልክ ከምትሰማው ከናቷ ጉያ ሆና ብትሰማው ይሻላታል።

ለጋሼ ጌታሁን ጤና ይስጥልኝ በዪልኝ፤ የዓይናቸውን ጠብታ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጡት ሁለት ብልቃጥ ከጥቅሉ ውስጥ አለ። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጅሽ አልከሳችም በያት። ሙሽራው ሚልዮንን እንኳን ለዚህ አደረሰህ በዪልኝ፤ ስልኩንም ዝቅ አድርጎ ማናገር ይልመድ። ተድላም ሁላችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብሏል።

ለህሊና ግን ሰላምታዬን ዛሬ አትስጫት። ነግረሻት፣ አልቅሳ፣ አባብለሻት ስታበቂ ያን ጊዜ ስጫት። አክስትሽ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ «የሚጥለው እኔን ነው» ብላ ስምሽን ሸፍናልሻለች፣ አንድም ቀን አላፈረችብሽም በያት።

ታናሽ እህትሽ የኔነሽ
ካርቱም፣ አርካዊት
ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.