ስንኝ ሰጪ የሌለበት ስቱዲዮ

ይድረስ ለልጄ ለመክሊት፣ ሐዋሳ። የላሊበላ ብርድ እንኳ የማያቀዘቅዘው ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ገብሱም አምሯል።

ከሙዚቃ ቤቶቹ ጋር እንደ ልማዴ ተጣልቻለሁ። የድሮው ሙዚቃ ቤት፣ አስጎብኚው ዮኒ ስዘፍን ቀርጾ የለጠፈውን ቪዲዮ «ዘፈኑ የኛ ነው» ብሎ አስወረደው። የገዛ ድምፄን ሰርቄ ተገኘሁልሽ! አዲሱ ደግሞ «ስቱዲዮ ገብተው የድሮ ዘፈኖችዎን እንደገና ይቅረጹ» አለኝ። ስንኝ የሚሰጠኝ ሰው ከሌለበት ክፍል አልገባም ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ለእኔ ማታ ማታ የምዘፍንበት ሆቴል ይሻለኛል። ቅዳሜ በራሴ ዘፈን መሀል ማሲንቆዬን እየመታሁ «ስንኝ ስጡኝ!» ብል፣ እንግዳው ሁሉ እየተሻማ ሰጠኝ። ሳቁ ቤቱን ሞላው። እናትሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ያን ዘፈን ድሮ ማንንም ስንኝ ሳልጠይቅ እንደምዘልቀው ታውቃለች።

ለአንቺ የሠራሁትን እሹሩሩ ለማንም አልሸጥኩትም። ስትደውዪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንጎራጉሪልኝ፤ እንዳልረሳሽው ልይ።

ፈጣሪ ድምፅሽን ያሰማኝ።

አባትሽ ከፋለ