በቁሜ ስለተደረገልኝ የሕሊና ጸሎት

ለክቡር አቶ ሾሚክ ናንዲ
የጋለሪው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ካልካታ

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ እንዲሁም ሰሞኑን ለጋዜጠኞች ሲናገር የሰነበተውን የጉሮሮዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ለወግ ያህል አይደለም፤ የደብዳቤዬ ጉዳይ ራሱ ይኸው ስለሆነ ነው።

ዘጠኝ ሠዓሊያን በተካፈልንበት የዘመናዊ የሕንድ ሥዕል የቡድን ዐውደ ርእይ ላይ የራሴን ፊት የሣልኩበትን ሥራ ከመግቢያው ፊት ለፊት ስለሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሥዕሎቼ ከደረጃ ሥርና ከመጸዳጃ ቤት በር አጠገብ ሲሰቀሉ ኖረዋል። ይህኛው ከዓይኔ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ነው፤ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲያየው አንድ ጊዜ እንኳ ለማየት ምን ያህል እንደጓጓሁ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለ አበባው። በመክፈቻው ዕለት በሟች እናትዎ ፎቶግራፍ ላይ ጉንጉን እንዲያጠልቅ የታዘዘው አበባ ሻጭ፣ እንደ እርሳቸው ያለ ነጭ ፀጉርና ክብ መነጽር መጀመሪያ ያገኘው ሥዕሌ ላይ ስለሆነ ጉንጉኑን ለእኔ አጥልቆ፣ ከሥሬ የዕጣን ዘንግ ለኩሶ ሄደ። በእርሱ አልቀየምኩም፤ የታዘዘው አበባ እንዲሰቅል እንጂ ሰው እንዲለይ አይደለም። አበባ የጠለቀበት ምስል የሟች ምስል መሆኑን እኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃልና፣ እንግዳው ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ ፊቴ ቆመ።

፪. ስለ ሕሊና ጸሎቱ። ዝናቡ የከተማውን ባቡር አቁሞት ዘግይቼ ስገባ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። ማን እንደሞተ ባላውቅም ጃንጥላዬን አጥፌ እኔም አቀረቀርኩ፤ እንዲያውም ለሟቹ ከልቤ ጸለይኩ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያለሁት እኔው ነኝ። አጠገቤ የቆመች ወጣት እንባዋን እየጠረገች «ምስኪን፣ እንዴት ያለ ዓይን ነበራቸው!» አለችኝ። አልሞትኩም ከማለት ይልቅ መሐረቤን አቀበልኳት። ላፍርበትና እውነቱን ልናገር፤ ሥዕሌ ፊት ሰው እንዲህ ሲቆም አይቼ ስለማላውቅ ለጥቂት ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር።

፫. ይህን ቁጥር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስህተቱን እርስዎ ከእኔ በፊት አይተውታል። የጥበቃ ሠራተኛዎ ሮገን «ጌታዬ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ ትናንት ሥዕላቸውን በእጃቸው ይዘው የመጡት ናቸው፤ አልሞቱም» እንዳለዎት ራሱ ነግሮኛል። እርስዎ ሰዉንና ጋዜጠኛውን አየት አድርገው የሕሊና ጸሎቱን ያወጁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔን ሲያዩም ክንዴን ይዘው ወደ ዕቃ ማስቀመጫው አስገቡኝና፣ «እትዬ፣ በፈጠረዎት አይቆጡኝ፤ ጋዜጠኛው ጽፎ ልኮታል። ዐውደ ርእዩ እስኪዘጋ ለአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ከቤት አይውጡ። ሰዉ እንዴት እንደሚያይዎት አላዩም?» አሉኝ። ከዚያም በጓሮ በር ሸኙኝ።

ልጄ ሾሚክ፣ በሃያ ዓመትህ የሰው እጅ መሣል አቅቶህ ደጄ የመጣህ ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት እሑድ እሑድ መዳፌን ዘርግቼልህ ተቀምጫለሁ። ሠዓሊ እንደማይወጣህ የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ስታለቅስም አጠገብህ የዋልኩት እኔ ነኝ። ጋለሪ ክፈት ያልኩህም እኔው ነኝ። ያን ቀን «ሰው ሁሉ እርስዎን እንዲያይ አደርጋለሁ» ብለኸኝ ነበር። አመንኩህ። ጉንጉኑን እኔ ላይ ትተህ ያቀረቀርከውም አንተው ነህ።

ይቅርታዎን ክቡርነትዎ፤ ብዕሬ አምልጦኝ ነው።

፬. ስለ ጋዜጣው። ሲሊጉሪ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ዲባኮር ዜናውን እንዳነበበ፣ ወንድ ልጅ ስለሌለኝ የሐዘኑ ወግ የእርሱ ነው ብሎ ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጨ። ከዚያ በኋላ ነው ሬሳዬ መቼ እንደሚቃጠል ለመጠየቅ የደወለው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጩኸቱ ሲበርድለት «አክስቴ፣ ታዲያ እኔ ለማን ነው የተላጨሁት?» አለኝ። ይህን ጥያቄ መመለስ ከሥልጣኔ በላይ ስለሆነ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

አበባው እንዲወርድና በሕይወት መኖሬ በዚያው ጋዜጣ እንዲገለጽ ሦስት ጊዜ በትሕትና ማመልከቴን ያስታውሳሉ። ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «ከእሑድ በኋላ ያዩታል» ብላኛለች፤ እሑድ ደግሞ ዐውደ ርእዩ የሚዘጋበት ቀን ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት በሩ ሲከፈት እመጣለሁ፤ ከሥዕሌ ጎን ቆሜም እውላለሁ። ጉንጉኑን በእጄ አልነካም። በቆመው ሰው ሁሉ ፊት የሚያወርዱት እርስዎ ነዎት።

በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ያላገኘሁትን ዝና በአንድ ደቂቃ ዝምታ ላጎናጸፉኝ ለእርስዎ የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ ማንም እንዳያሳጥርብዎ ጭምር።

አክባሪዎና የቀድሞ መምህርዎ፣
ሱሎቻና ባግቺ
(በሕይወት ያለች)

ማስታወሻ፦ ቀጣዩን ሥዕሌን ጀምሬያለሁ፤ የሚሰቀለውም ከጋለሪዎ ማዶ ባለችው የሀራዶን ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሀራዶን ማንበብ አይችልም፤ መሞቴንም ከጋዜጣ አላነበበም። በጓሮ በር ያስወጡኝ ዕለት ዝናብ ላይ ቆሜ ሲያየኝ አግዳሚውን በፎጣው ጠረገና «እትዬ፣ ምነው? አሞዎታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክቡርነትዎ፣ ከሞትኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው፤ እርስዎ ገና አልጠየቁኝም።