ግቢዎ ውስጥ ቆማ ሁለት መቶ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ስለ ተጓዘችው መኪናዬ

ለክቡር አቶ ተፈራ
የ«ጥድ ጥላ» ተሽከርካሪ ምርመራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ሲና

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝም። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለሠራተኞችዎና በግቢዎ በር ላይ ለታሰረው ውሻ ሳይቀር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ ቆለኞቹ እዚህ በሙቀት ስንቀልጥ እርስዎ እዚያ ጋቢዎን ተከናንበው የሰው መኪና ሲመረምሩ ወገብዎን እንዳያምዎት ዱዓ ሳላደርግልዎ የዋልኩበት ቀን የለም።

ሰዲቅ አሊዪ እባላለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርትና ማሾ የማመርት ገበሬ ነኝ። እርስዎ ግን በስሜ ሳይሆን በመኪናዬ ነው የሚያውቁኝ፤ ዕድሜዋ ከበኩር ልጄ የሚበልጠው ነጭ ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር። እንደ ተፈጠረች እንዳልተውኳት አልክድም። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ሲሃም ከወንዙ ማዶ ካለው መንደሯ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስትወርድ የመጀመሪያ ልጇን መንገድ ላይ አጣች። ከአይሱዙ የወጣ ባሌስትራ ጨምሬ መኪናዋን ከፍ ያደረግኳት፣ የአየር መሳቢያዋን ውሃ እንዳይገባበት በመስኖ ቱቦ እስከ ጣራው ያስረዘምኩት፣ የኋላ ወንበሯን አውጥቼ አልጋ የገጠምኩባት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን የሠራው ወዳጄ ሙዐዊያ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቡሎን እስከ መጨረሻው እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። እንደሚያውቁት በእኛ አገር መካኒኩ ወንድምህ ቢሆን እንኳ መኪናህን ትተህለት አትሄድም።

ግንቦት 18 ቀን ለዓመታዊ ምርመራ ወደ እናንተ አመጣኋት። ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ፤

1. በመጀመሪያ መርማሪዎን አቶ ብሥራትን አመሰግናለሁ። የጭስ መለኪያውን ዘንግ ይዘው መኪናዋን ሁለት ጊዜ ከዞሯት በኋላ ጣራው አጠገብ ባለው የአየር መሳቢያ ቱቦ ውስጥ ሰደዱት፤ መሣሪያውም ጭስ የሚባል ነገር የለም አለ። መቼም አየር ወደ ውስጥ በምትስብበት በኩል ጭስ አይገኝም። እኔም ጌታዬ ይህ የምትተነፍስበት ነው፣ የምታጨስበት ከታች ነው ብላቸው፣ ይህን ያህል ያረጀች የናፍጣ መኪና ጭስ ከሌላት አንድ የተደበቀ ነገር አለ ብለው ጠረጠሩን። ከፍ ማለቷ ኮንትሮባንድ ለመጫን፣ አልጋዋም ኮንትሮባንዱን ለመሸፈን ሳይሆን አይቀርም ተባለ። «ለተጨማሪ ማጣሪያ» ግቢዎ ውስጥ እንድትቀር የተወሰነው በዚህ ነው። ሱብሃነላህ! ጭስ የለሽም ተብላ የታሰረች መኪና ከእሷ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

2. ስለ ጤናዬም እንዲያ መጨነቃችሁ ልቤን ነክቶታል። አጠገቧ ልቀመጥ ብዬ ብለምን፣ ባለንብረት ግቢ ውስጥ አይቀመጥም፣ ብርዱም አይስማማዎትም ተብዬ በትሕትና ተሸኘሁ። አሥራ ሰባት ቀን! ባለቤቴ ዓይሻ ሐኪም ቤት ስትተኛ እንኳ እንዲህ አልተከለከልኩም። ስወጣ ግን ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር መዳፌ ላይ ጽፌ ነው የወጣሁት።

3. ሰኔ 5 ቀን ስረከባት ቆጣሪው ሁለት መቶ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ጨምሯል። አቶ ብሥራት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም አሉኝ። አመንኳቸው፤ ለምን አላምናቸውም? ወንበሩ ወደ መሪው የተጠጋውም በራሱ ፈቃድ ነው፤ እኔ እግረ ረጅም ነኝና ስገባ ጉልበቴ አገጬን ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ወለሉ ላይ የተበተነው የገብስ ቆሎም እዚያው የበቀለ ይሆናል። የሬድዮኑ ጣቢያ መቀየሩን እንኳ እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ አሥራ ሰባት ቀን ብቻዋን ስትቆም ሰልችቷት ይሆናል።

4. አራተኛው ምስጋና ለራሴ ቂልነት ነው። ተሽከርካሪው አንዳች ሳይጎድልበት ተረክቤያለሁ የሚለውን ወረቀት መኪናዋን ሳልሞክር ፈረምኩ። ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠረጥር የኖርኩ፣ ዓይሻ የምትቀዳልኝን ውሃ ሳይቀር አይቼ የምጠጣ ሰውዬ፣ ማኅተም ሲመታ ሳይ ልቤ ቀለጠ። ወላሂ እስካሁን ያን ፊርማ ባሰብኩ ቁጥር እጄን ልቆርጠው ያምረኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሲሃም ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የጤና ባለሙያዋ ለምለም የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል፣ ደምም ታይቷታል፣ ተጋድማ ካልሆነ እንዳትነቃነቅ፣ ባጃጅና ሞተር ቀርቶ ቃሬዛም እንዳይታሰብ ብላ አስጠንቅቃናለች። በዚያ አሸዋ ላይ ለመግባት የሚደፍር ሌላ ባለ መኪና ደግሞ ለምኜ አላገኘሁም። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ፣ ወንዙ ገና ደረቅ ስለ ሆነ፣ በራሴ መኪና ላመጣት ወረድኩ። አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርጌ ገባሁ አልኩ። መሀሉ ላይ ስደርስ የኋላዎቹ ጎማዎች አሸዋውን ይቆፍራሉ፣ የፊቶቹ ዝም ብለው ያያሉ። ያወጡኝ ሁለት ጥንድ በሬዎች ናቸው፤ ልጄ ከማዶ በር ላይ ተጋድማ እያየችኝ ባዶዬን ተመለስኩ።

ስንፈታት፣ የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ ጉልበት ጋር የሚያቆላልፉት ሁለቱ ክብ ብረቶች የኔ አይደሉም። የኔዎቹ ውስጣቸው በዓይሻ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል፤ ለመለያ የቀባሁትም እኔው ነኝ። የተገጠሙልኝ ጥርሳቸው አልቆ የተላጨ አገጭ የመሰሉ ናቸው። ታዲያ ማንን የጠረጠርኩ ይመስልዎታል? እርስዎን? በፍጹም! ማኅተም ያለው ሰው እንዴት ይጠረጠራል? ሙዐዊያን ጠረጠርኩ። ሃያ ዓመት አብሮኝ የበላ የጠጣውን ሰው መናኸሪያው መሀል፣ በሕዝብ ፊት፣ ሌባ አልኩት። እሱ አልተቆጣም፤ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ አንተ አጠገቧ ሳትቀመጥ መኪናህ አሥራ ሰባት ቀን የት ሰነበተች ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አፈርኩ። አውፍ በለኝ ብዬው አውፍ ብሎኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በጋራዡ በር ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ክቡርነትዎ ይህን እንደ ክስ እንዳይቆጥሩብኝ። ክስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ላይ ደግሞ እኔው ፈርሜበታለሁ። የኔ ነገር ጥርጣሬ ብቻ ነው። ቦሎውን አልለምንም፤ ይቅርታም አልጠብቅም። ማን እንደ ፈታቸውና አሁን የማንን መኪና እንደሚያስሮጡ አልጠይቅም። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ድረስ ሄጄ ለእሷ የሚሆን ብረት አጣሁ እንጂ በዚህ ጉዳይ ባላስቸገርኳችሁ ነበር። ሁለቱን ብረቶች በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ደሴ ለሚወርድ ለማንኛውም ሹፌር ቢሰጡልኝ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው የበላይነሽ ሱቅ ያደርስልኛል፤ ሹፌር አደራ አይበላም። ሙዐዊያ በአንድ ሰዓት ይገጥማቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔና እርስዎ አንተዋወቅም።

የማዕከልዎን ታማኝነት እያሰላሰልኩ እህል አልወርድ ያለኝ፣ ለማኅተምዎ የማያልቅ ቀለም፣ ለመርማሪዎ ደግሞ ከላይና ከታችን የሚለይ ዓይን የምመኝ፣ ሁልጊዜ አክባሪዎና ሁልጊዜ ተጠራጣሪዎ፣

ሰዲቅ አሊዪ
ሸዋ ሮቢት፣ ሰኔ 21 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ በእናንተ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የእኛ ወንዝ የሚሞላው በእኛ ዝናብ አይደለም፤ ደጋው ላይ ዘንቦ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው ጎርፉ እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ ዝናቡን ከኔ ቀድመው የሚሰሙት እርስዎ ነዎት። የቢሮዎ ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር እባክዎ ሰዓትዎን ይመልከቱልኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጄ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው ያላት።